የሰሊጥ ወራትና የሕፃናት ክፍል

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በገንዳ ውሃ ከተማ የቀረበ ንግግር)

በዚህ በዓል ላይ አጭር ንግግር እንዳቀርብ ስጠየቅ፣ ብዙዎቻችሁ ሰሊጥን በመስመር ስለመዝራት ወይም ስለ ምርጥ ዘር እናገራለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ሙያዬ እሱ ነውና አልፈርድባችሁም። ዛሬ ግን የማነሣው ገና አንደኛ ክፍል ስላልገቡት፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ስለሚሆናቸው ልጆቻችን ነው። መንግሥት እንደ እኛ ባለ ቆላና ጠረፍ አካባቢ ለእነዚህ ልጆች ትምህርት ምን ድጋፍ አደረገ? ምን ቀረው? ከእኛ ከኅብረት ሥራ ማኅበራትስ ምን ይጠበቃል? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ሐሳቤን አካፍላችኋለሁ።

ከራሴ ልጀምር። ቤተሰቤ በ1996 ዓ.ም. በሰፈራ ፕሮግራም ከወሎ ወደ መተማ ሲመጣ እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ አሥር ዓመቷ ነበር፤ በትውልድ ቀያችን ሦስተኛ ክፍል ጨርሳለች። ከእኔ በታች ደግሞ ገና ያልቆመ ሕፃን ነበረ። አባቴና እናቴ አዲስ መሬት፣ አዲስ ሙቀትና አዲስ ሰብል ገጠማቸው። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰሊጡም ደረሰ። እህቴ ሕፃኑን አዝላ እኔን በእጇ ይዛ እንድትጠብቀን ተደረገ። «ለከርሞ ትገቢያለሽ» ተባለች። ከርሞም መስከረም መጣ፣ ከርሞም ሰሊጥ ደረሰ። እህቴ ሳትመለስ ቀረች።

እኔ ተማርኩ፣ ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመረቅሁ፣ ይኸው ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እናገራለሁ። እህቴ ግን ዛሬም በስልኳ ላይ የሰው ስም ለመፈለግ ልጇን ትጠራለች። ብዙ ጊዜ «መንግሥት አስተማረኝ» እላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ነገር ግን የእኔን የልጅነት ዘመን ዋጋ የከፈለችው እሷ ናት፤ የከፈለችውም በራሷ ትምህርት ነው። በዚያን ጊዜ በመንደራችን ሕፃናት የሚውሉበት አንድ ክፍል ቢኖር ኖሮ እኔ ፊደል እቆጥር ነበር፤ እሷም አራተኛ ክፍል ትገባ ነበር። ስለዚህ የሕፃናት ክፍል ሲባል የሚጠቀመው ሕፃኑ ብቻ እንዳይመስለን። ታላቅ እህቱም፣ እናቱም፣ የሰሊጡ ማሳም ይጠቀማሉ።

ክቡራትና ክቡራን፤

በአገራችን ሕፃናትን ፊደል ማስቆጠር አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በቄስ ትምህርት ቤት በዛፍ ጥላ ሥር ፊደል ቆጥረዋል፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም ልጆቻቸውን በቁርአን ቤት ሲያስቀሩ ኖረዋል። ዘመናዊው መዋዕለ ሕፃናት የመጣው የባቡር ሐዲዱ በተዘረጋበት ዘመን ሲሆን፣ በድሬዳዋ ለፈረንሳይ የባቡር ሠራተኞች ልጆች ተከፈተ ይባላል። በደርግ ዘመን ደግሞ በየከተማው ቀበሌና በአንዳንድ የገበሬ ማኅበራት መዋዕለ ሕፃናት ተቋቁመው ነበር። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የቅድመ መደበኛ ትምህርትን ጥቅም ቢያነሣም፣ ሥራው በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለግብረ ሰናይ ድርጅቶች ተትቶ ቆየ። ባለሀብት ደግሞ ክፍያ የሚችል ወላጅ ባለበት ከተማ እንጂ ሰሊጥ ማሳ መካከል መዋዕለ ሕፃናት አይከፍትም። «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት በ1990ዎቹ መጨረሻ በአገራችን ሕፃናት ላይ ባደረገው ቅኝት፣ ከከተማ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቅድመ መደበኛ ሲማሩ፣ ከገጠር ልጆች ግን ከመቶ አምስት እንኳ አልሞሉም ነበር።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በ2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር፣ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በጋራ ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ማዕቀፉ የወላጆችን ትምህርት፣ የሕፃናትን ጤናና ማነቃቃት፣ መዋዕለ ሕፃናትን እንዲሁም መደበኛ ያልሆነ የትምህርት ቤት ዝግጅትን ያካተተ ነው። ወደ ገጠር በብዛት የደረሰው ግን «ኦ-ክፍል» የምንለው ነው። ይኸውም በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ ስድስት ዓመት የሆናቸው ልጆች አንድ ዓመት የሚዘጋጁበት ክፍል ነው። በዚህም ምክንያት በአገር አቀፍ ደረጃ የቅድመ መደበኛ ተሳትፎ በ2003 ዓ.ም. ከመቶ አምስት አካባቢ የነበረው በ2007 ዓ.ም. ከመቶ 39 ደረሰ። በአራት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ዕድገት ቀላል አይደለም፤ ምስጋና ይገባዋል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትን የሁለት ዓመት አድርጎታል።

ይሁን እንጂ ቁጥር እንደሚያሳስት እኛ የግብርና ሰዎች እናውቃለን። «ይህን ያህል ሄክታር ተዘራ» ማለት «ይህን ያህል ኩንታል ተሰበሰበ» ማለት አይደለም። በብዙ የገጠር ቀበሌ ኦ-ክፍል ማለት ከትምህርት ቤቱ የተረፈ ክፍል፣ ከበጀቱ የተረፈ ገንዘብና አጭር ሥልጠና ብቻ የወሰደች አመቻች ማለት ነው። የአመቻቿ አበል በወላጆች መዋጮ የሚሸፈንበት ቦታ ጥቂት አይደለም። መዋጮው ሲቋረጥ እሷም ትሄዳለች። በአዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከቅድመ መደበኛ ጀምሮ በከተማው አስተዳደር በጀት ይመገባሉ። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ የሚያስቀናም ነው። ሆኖም ምሳ ሳይቋጠርለት በ40 ዲግሪ ሙቀት በእግሩ የሚመጣው የቆላ ልጅም የዚያው አገር ልጅ መሆኑን አመራሮቻችን እንዲያስታውሱልን እፈልጋለሁ።

ከበጀት ሌላ የእኛን አካባቢ የሚለየው ዋናው ነገር የወራቱ አቆጣጠር ነው። የትምህርት ዘመኑ የተሠራው ለደጋው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እዚህ መተማ የሰሊጥ አረም የሚታረመው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ የሚታጨደው ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ጥቅምትን ይዞ ነው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታግሶ አይጠብቅም። ሲደርስ በቀናት ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮ በሂላ ካልቆመ አፉን ይከፍትና መሬት ላይ ይራገፋል። ስለዚህ ትምህርት ቤት ደወል በሚደውልበት ሳምንት አባትም እናትም ማሳ ላይ ናቸው። ሕፃኑ ወይ ከእናቱ ጋር በረሃ ይወርዳል፣ ወይ ከታላቅ እህቱ ጋር ቤት ይቀራል። በረሃ ከወረደ ወራቱ የወባ ወራት ነው፤ አጎበር በሌለበት ዳስ ሥር ያድራል። ቤት ከቀረ የእህቱ ትምህርት ይቀራል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያልመጣ ሕፃን ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ቢመጣ እንግዳ ይሆናል፤ ጥር ላይ ይቀራል። በአገራችን ተማሪዎች በብዛት ከሚያቋርጡባቸውና ከሚደግሙባቸው ክፍሎች ዋነኛው አንደኛ ክፍል መሆኑ የሚያስገርም አይደለም።

መንግሥት ከአጋር ድርጅቶች ጋር የጀመረው የተፋጠነ የትምህርት ቤት ዝግጅት ፕሮግራም አለ። በዩኒሴፍ ድጋፍ በጎረቤታችን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የተጀመረ ሲሆን፣ ቅድመ መደበኛ ያልተማሩ ልጆች አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት በክረምት ሁለት ወር፣ በጠቅላላው 150 ሰዓት ይዘጋጃሉ። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ነገር ግን በእኛ ወረዳ ክረምት ማለት የአረም ወር ነው፤ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ መንገድ የሚቆረጥበትም ጊዜ ነው። ይኸው ፕሮግራም በአንደኛ ክፍል መጀመሪያ ሁለት ወራት ሊሰጥም ይችላል፤ ያ ደግሞ አጨዳ ላይ ይወድቃል። እንግዲህ ፕሮግራሙን መቀበል ብቻ ሳይሆን ከሰሊጡ ጋር ማስታረቅ ይኖርብናል። በወረዳችን የጉሙዝ ወገኖቻችን ልጆችም አሉ። ቤት ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚሰማ ልጅ አማርኛን መጀመሪያ የሚሰማው አንደኛ ክፍል ከሆነ፣ ለእሱ የዝግጅት ጊዜው ከሁሉም የበለጠ ያስፈልገዋል።

የቅርብ ዓመታትም ፈተና ጨምረውብናል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተከሰተው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ በሱዳን የተነሣው ጦርነት ደግሞ በመተማ ዮሐንስ በኩል ብዙ ስደተኞችን አምጥቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በመጀመሪያ የሚረሳው የትንንሾቹ ክፍል ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተመደብኩበት አንድ ቀበሌ ሰኔ ላይ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መጣልን። መጋዘኑ ሞልቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቶ ስለነበር ለምኜ የአንድ ክፍል ቁልፍ ተቀበልኩ። ክፍሉ የኦ-ክፍል ነበር። «ነሐሴ ሳያልቅ እናወጣዋለን» ብዬ ቃል ገባሁ። ነሐሴ አለፈ፤ መስከረም ገባ፤ የተረፈው ማዳበሪያ እዚያው ነበር። አመቻቿ መጥታ ቁልፉን ስትጠይቀኝ «ትንሽ ታገሺ፣ አሁን ሰሊጥ ደርሷል» አልኳት። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ክፍሉን ስንከፍት ግድግዳው ላይ የተጻፈው ፊደል በኩንታሉ ተፈግፍጎ ጠፍቷል፤ የማዳበሪያው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ከተመዘገቡት ሠላሳ ገደማ ሕፃናት የተመለሱት አሥር አይሞሉም ነበር።

ማንም አልወቀሰኝም። አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ጎድሎ ቢሆን ኖሮ ኮሚቴ ይቋቋም፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ እኔም እጠየቅ ነበር። ሃያ ሕፃናት ሲጎድሉ ግን ማንም አልቆጠረም። እኔም ራሴ አልቆጠርኩም፤ የቆጠርኩት አንድ ቀን በሥልጠና መሐል አንዲት እናት ተነሥታ ስትወጣ ነው። «እታለም፣ ገና አልጨረስንም እኮ» ስላት፣ «ልጁን የሚይዝልኝ የለም ወንድሜ፤ ክፍሉን እናንተ ይዛችሁታል» አለችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ነው ስለዚህ ጉዳይ ማሰብ የጀመርኩት።

«ይህ ሁሉ ለጨዋታ ቤት ነው ወይ?» የሚል አባል ይኖራል። እኛ በግብርና አዲስ አሠራር ስናመጣ ሠርቶ ማሳያ እናዘጋጃለን፤ በአንዱ ማሳ አዲሱን እንሠራለን፣ በጎኑ የቀድሞውን እንተዋለን፣ ከዚያ እናወዳድራለን። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 እንዲሁ ተደርጓል። ከድሃ ቤተሰብ ከተወለዱ 123 ጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት 58ቱ ጥሩ ቅድመ መደበኛ ትምህርት እንዲያገኙ ተደረገ፤ 65ቱ አላገኙም። ከዚያ ሁሉም አርባ ዓመት እስኪሞላቸው ተከታተሏቸው። የተማሩት ሁለተኛ ደረጃን በብዛት አጠናቀቁ፣ የተሻለ ገቢ አገኙ፣ በወንጀል የተያዙትም ቁጥር ያነሰ ሆነ። የምርቱ ልዩነት ከአርባ ዓመት በኋላ እንኳ ይታይ ነበር ማለት ነው።

ይህ ለሰሊጥ አምራች እንግዳ ነገር አይደለም። ሰሊጥ በበቀለ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረም ከቀደመው በኋላ ቢታረም ቢኮተኮት የጠፋውን አይመልስም። ልጅም እንዲሁ ነው። አንደኛ ክፍል ሲገባ እርሳስ አያያዝ የማያውቅ፣ ከእኩዮቹ ጋር መቀመጥ ያልለመደ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ይቀደማል። ከዚያ በኋላ የምናደርገው ማጠናከሪያ ዘግይቶ እንደታረመ ማሳ ነው።

ስለሆነም የሚከተሉትን ሐሳቦች ለዩኒየናችን፣ ለመሠረታዊ ማኅበራትና ለአመራሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት የአጨዳ ወራት በየቀበሌው አንድ የሕፃናት መዋያ ይከፈት። አዲስ ቤት መሥራት አያስፈልግም። የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከሎቻችን በአጨዳ ወራት ሥልጠና ስለማይሰጥባቸው ባዶ ናቸው። ወረዳው ከፈቀደ እኔ የተመደብኩበትን ማዕከል ቁልፍ ለማስረከብ ዝግጁ ነኝ፤ ባለ ዕዳ ነኝና። በእነዚህ ወራት ሕፃናቱ ይጫወቱ፣ ንጹሕ ውሃ ይጠጡ፣ ተረት ይስሙ፣ በአጎበር ሥር ይተኙ። ዋናው የፊደልና የቁጥር ትምህርት ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት፣ ወላጅ ሲያርፍ ይጠናከር። የበጋው ሙቀት ስለሚከብድ ትምህርቱ በማለዳ ተጀምሮ ከረፋዱ በፊት ይለቅ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ ኪሎ ሰሊጥ ለሕፃናት ይስጥ። አንድ ኪሎ ብቻ! ለምሳሌ 200 አባላት ያሉት ማኅበር ሁለት ኩንታል ሰሊጥ ይሰበስባል ማለት ነው። ይህ ለአንዲት አመቻች የሦስት ወር አበል መነሻ ይሆናል፤ የጎደለውን ጠቅላላ ጉባኤው ከትርፍ ላይ ሊወስን ይችላል። አጨዳ አንድ ቀን ሲዘገይ ከአንድ ሄክታር የሚራገፈው ከአንድ ኪሎ እንደሚበልጥ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ መርሕ ሰባተኛው ለማኅበረሰቡ ማሰብ ነው፤ አምስተኛው ደግሞ ትምህርትና ሥልጠና ነው። በግድግዳችን ላይ ለጥፈናቸዋል፤ በዚህ ሥራ ላይ እናውላቸው።

ሦስተኛ፣ ለአመራሮቻችን። የእኛ ኪሎ ሰሊጥ የመንግሥትን በጀት የሚያግዝ እንጂ የሚተካ መሆን የለበትም። «ማኅበረሰቡ እያዋጣ ነው» ተብሎ ከወረዳው በጀት የሕፃናት ክፍል ድርሻ እንዳይሰረዝ አደራ እላለሁ። የኦ-ክፍል የራሱ የበጀት መደብ ይኑረው፤ አመቻቾች እንደ ሠራተኛ ይቀጠሩ፤ ሥልጠናቸው በክረምት ሳይሆን በበጋ ይሰጥ። በጉሙዝ መንደሮች የአካባቢውን ቋንቋ የሚያውቁ ልጆች ተመርጠው ይሠልጥኑ። የኦ-ክፍል ደግሞ ለምንም ምክንያት መጋዘን እንዳይሆን መመሪያ ይተላለፍ። እንደ እኔ ያለ የልማት ሠራተኛ መጥቶ ሲለምንም ቁልፉን ከልክሉት።

አራተኛ፣ ለወላጆች። ልጃችሁን በዕድሜው አስመዝግቡ። ከሁሉም በላይ ግን ታናሹን ትጠብቅ ብላችሁ ታላቋን ከትምህርት አታስቀሩ። «ለከርሞ» የሚባለው ቃል በእኛ ቤት ምን እንዳደረገ ነግሬያችኋለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን ንግግር እንደማቀርብ ለእህቴ ስነግራት ሳቀችና «ታዲያ እኔን ምን ይጠቅመኛል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ለእሷ ዘግይቷል። ትንሿ ልጇ ግን አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ ታላቂቱ ደግሞ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ልክ እህቴ ያቆመችበት ክፍል ማለት ነው። የሚመጣው መስከረም ሰሊጥ ሲደርስ ትንሿን የሚይዛት ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ጥያቄው የእሷ ቤት ብቻ ሳይሆን እዚህ የተቀመጥነው ሁሉ ቤት ጥያቄ ነው። መልሱን ከአጨዳው በፊት እናዘጋጅ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

መልካም በዓል ይሁንልን።